ከስትሮክ በኋላ ቋንቋ እንዴት ይጠፋል? እንዴትስ ይመለሳል?

በጎጃም ገጠር አንድ ሰው ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት አፉ ተጣሞ፣ ቀኝ እጁ ዝሎ፣ ንግግሩ ጠፍቶ ሲገኝ ቤተሰቡ ለሕመሙ ስም ለማውጣት አይቸገርም። «ምች መታው»፣ «መጋኛ ነው»፣ «ለክፎት ነው» ይባላል። የዛለው እጅና እግር በዓይን ስለሚታይ ወዲያው ድጋፍ ያገኛል፤ ያነሡታል፣ ያሹታል፣ ምርኩዝ ይቆርጡለታል። የጠፋው ቋንቋ ግን እንዲህ አይታደልም። አንዱ «አእምሮውን ስቷል» ይላል። ሌላው በሽተኛው ጸሎት ሲደግም ይሰማና «መናገር እየቻለ እኮ ነው እንቢ ያለን» ብሎ ይቀየማል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም ሰውየውን ይጎዳዋል።

ሕመሙ ስትሮክ ነው፤ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ደም ሲፈስ የሚመጣ። የቋንቋው ችግር ደግሞ በሕክምና ስሙ አፌዥያ ይባላል። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታይባቸዋል። ሰውየው ልጆቹን ይለያል፣ ማሳው የት እንዳለ ያውቃል፣ ማን እንደተበደረውም አልረሳም። የተጎዳው ሐሳቡን ወደ ቃል፣ የሰማውንም ቃል ወደ ሐሳብ የሚለውጥበት የአንጎል ክፍል ነው።

የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው። በሽተኛው ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ አለዚያም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኝቶ የደም ግፊቱ ይስተካከላል፣ መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ ከተቻለም የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ይለማመዳል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ቋንቋው ላይ የሚሠራው ሰው የሚገኘው ቤት ውስጥ ነው፦ ሚስት፣ ልጅ፣ ምራት፣ ጎረቤት። ስለዚህ የቤተሰቡ ንግግር እንደ ክኒኑ ሁሉ መጠንና ሰዓት፣ የአሰጣጥም ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለእነርሱና በአቅራቢያቸው ላሉ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው።

አንጎል ውስጥ የሚሆነው

ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙ ሰዎች 95 በመቶ ያህሉ፣ ከግራኞችም አብዛኞቹ ቋንቋን በዋናነት የሚያካሂዱት በአንጎላቸው ግራ ክፍል ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ያሳየው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር እምብዛም መናገር የማይችል በሽተኛ ሞተበትና አንጎሉን ሲመረምር ጉዳቱን በግራው የፊት ክፍል አገኘው። ጀርመናዊው ካርል ቨርኒከ በ1874 ሌላ ዓይነት በሽተኞችን ገለጸ፤ እነዚህ አቀላጥፈው ይናገራሉ፣ ንግግራቸው ግን ትርጉም የለውም፣ የሚነገራቸውንም አይረዱም። የእነዚህ ጉዳት ከኋላ፣ ከግራ ጆሮ በላይ ባለው አካባቢ ነበር። ዛሬ ቋንቋ በሁለት ነጥብ ላይ ብቻ የተቀመጠ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም በብዙ አካባቢዎችና እነርሱን በሚያገናኙ የነርቭ መስመሮች እንደሚሠራ ይታወቃል። ያም ሆኖ የሁለቱ ሐኪሞች ምልከታ አልጋ አጠገብ ለቆመ ሰው እስካሁን ይጠቅማል።

እነዚህን አካባቢዎች በአብዛኛው የሚመግበው አንድ የደም ሥር ነው፤ መካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ ይባላል። የላይኛው ቅርንጫፉ ሲዘጋ የፊቱ፣ የታችኛው ሲዘጋ የኋላው፣ ግንዱ ሲዘጋ ሁለቱም ይጎዳሉ። የቀኝ እጅ መዛልና የንግግር መጥፋት አብረው የሚመጡትም የቀኝ ጎንን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ከዚሁ ደም ሥር ስለሚጠጣ ነው። ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሳይታከም በሚቆይባት በእያንዳንዷ ደቂቃ በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ተሰልቷል። በሞተው ቦታ ዙሪያ ግን ደም ያነሰው፣ ሥራ ያቆመ፣ ነገር ግን ያልሞተ ክፍል አለ፤ ዝናብ እንደራቀው ቡቃያ ጠውልጓል እንጂ አልደረቀም። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሕክምና ሁሉ የሚሯሯጠው ይህን ለማትረፍ ነው።

የረጋ ደምን የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ። ከሞጣ ወይም ከቋሪት ገጠር ተነሥቶ፣ ያውም መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ዘመን፣ በዚህ ሰዓት መድረስ ለብዙዎች የማይሞላ ነው፤ መርፌውም በየሆስፒታሉ አይገኝም። ይህ ማለት ግን መሮጥ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ስትሮኩ የረጋ ደም ነው ወይስ የፈሰሰ ደም የሚለው መለየት ያለበት ሕክምናቸው ተቃራኒ ስለሆነ ነው። አስፕሪን ለመጀመሪያው ይጠቅማል፣ ሁለተኛውን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ «ለማንኛውም» ተብሎ አስፕሪን አይሰጥም።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፦ ሰዓቱ። ቤተሰቡ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀመረው» ሲል ካርዱ ላይ 9 ተብሎ ቢጻፍና ሌላ ሐኪም በፈረንጅ አቆጣጠር ቢያነበው የ6 ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። በሽተኛው ከእንቅልፉ ሲነሣ ከሆነ ምልክቱ የታየው፣ መመዝገብ ያለበት የነቃበት ሳይሆን በመጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበት ሰዓት ነው።

ጸበል መውሰድ የቤተሰቡ እምነት ነው፤ ከሕክምናም ጋር አይጣላም። ሁለት ነገር ግን ሊጠበቅ ይገባል። አንደኛ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል። ሁለተኛ፣ ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዋጥ ይቸገራሉ፤ ውሃ ደግሞ ፈጥኖ ስለሚፈስ ወደ ሳንባ የመግባት ዕድሉ ከገንፎም ይበልጣል። በሳንባ ምች የሚሞተው ብዙው በሽተኛ የሚሞተው በዚህ ነው። መዋጡ እስኪረጋገጥ ጸበሉ ይረጭ፣ ይታበስ፤ አይጠጣ። ለማረጋገጥ በሽተኛው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ይሰጠዋል፣ ከዚያ «አ» እንዲል ይደረጋል። ካሳለ፣ ድምፁ እርጥብና ጉርግርታ ያለው ከሆነ፣ ወይም ውሃው በከንፈሩ ጠርዝ ከፈሰሰ በአፍ ምንም አይሰጠውም፤ ሐኪሙ ይወስናል። ሦስት ማንኪያ በደህና ካለፈ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጋደም ይቀመጥ።

የትኛው ዓይነት ነው?

ልምምዱ በዓይነቱ ስለሚለያይ መለየት ያስፈልጋል። ስድስት ነገሮች ይፈተሻሉ፦ ንግግሩ ይፈሳል ወይ፣ የሚነገረውን ይረዳል ወይ፣ ይደግማል ወይ፣ ዕቃ በስሙ ይጠራል ወይ፣ ፊደል የሚያውቅ ከነበረ ደግሞ ያነባል ወይ፣ ይጽፋል ወይ።

ብሮካ በገለጸው ዓይነት ሰውየው የሚናገረው እያማጠ ነው። «ትናንት ምን ሠሩ?» ሲባል «ዳንግላ… በሬ… ሸጠ… ይሸጣል… አይ! እኔ… ገንዘብ…» ይላል። የሚነገረውን በአብዛኛው ይረዳል፤ እንደሚሳሳትም ስለሚያውቅ ይናደዳል፣ ያለቅሳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሽተኞች የግሡን መጨረሻ ጥለው ባዶውን ግሥ ይናገራሉ። የአማርኛ ግሥ ግን ያለ አናባቢ ከአፍ አይወጣም፤ ተናጋሪው የግድ አንድ መልክ መምረጥ አለበት። ስለዚህ «ሸጥሁ» ማለት የፈለገ ሰው «ሸጠ» ወይም «ይሸጣል» ይላል። በዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ላይ የታየውም ይኸው ነው። ቤተሰቡ «ማን ነው የሸጠው?» እያለ ከመጨቃጨቅ «እርስዎ ሸጡ?» ብሎ ማረጋገጥ ይበቃዋል።

ቨርኒከ የገለጸው ዓይነት ግን እጅግ አሳሳች ነው፤ ሰፋ አድርጎ መናገር የሚገባውም ስለዚህኛው ነው። ንግግሩ ይፈሳል፣ ዜማው የሰው ንግግር ነው፣ ፍሬው የለም፦ «እሱማ የወዲያው ገመቻ ነው እኮ፣ ሲያቀልጡት በላይ ዞሮ ይኸው ይታደማል።» «ገመቻ» የሚባል ነገር የለም፤ እሱ ግን ትክክል የተናገረ ይመስለዋል፣ ሰው ሳይረዳው ሲቀር ይገርመዋል። እጁም እግሩም ደህና ሊሆን ስለሚችል እብደት ወይም ሰይጣን ነው ተብሎ ይታሰራል፣ ሳምንታት ያለ ሕክምና ያልፋሉ። ዕድሜው የገፋ፣ ከዚህ በፊት የአእምሮ ሕመም ያልነበረበት ሰው በአንድ ቀን ንግግሩ ከተዘበራረቀ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ስትሮክ ነው። የጤና ጣቢያ ባለሙያም በዚህ ሊሳሳት ይችላል፤ ዕቃ አሳይቶ ስሙን መጠየቅና አጭር ቃል ማስደገም አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቀለል ያሉት ሁለት ናቸው። በአንደኛው ስም ብቻ ይጠፋል፤ ጀበና ሲያሳዩት «ያ… ቡና የምታፈሉበት፣ ጥቁሩ፣ አንገት ያለው» ይላል። በሌላኛው ንግግሩም መረዳቱም መልካም ሆኖ መድገም ያቅተዋል፤ «መሶብ» በሉ ሲባል «ሞ… መቦስ… መሶ… መሶብ!» እያለ ይጠጋጋል። ሁሉም ነገር አንድ ላይ የጠፋበት ደግሞ የደም ሥሩ ግንድ የተዘጋበት ሰው ነው፤ የእሱ መንገድ ረጅም ነው። ከእነዚህ ሁሉ የምላስ መተሳሰር ይለያል፦ ቃሉና ሰዋስው ትክክል ሆኖ አነጋገሩ ብቻ ከተድበሰበሰ፣ የተባለውን ሁሉ ከተረዳ፣ ከጻፈም በትክክል ከጻፈ አፌዥያ አይደለም፤ የተጎዳው የምላስና የከንፈር ጡንቻ ትእዛዝ ነው።

ቤተሰብን የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ቀዳሚው በልማድ የተሸመደደ ንግግር ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አቡነ ዘበሰማያት»፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የልጅነት መዝሙር፣ አንዳንዴም ስድብ ከአፌዥያ ይተርፋል። በጎጃም ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ ካህናትና መሪጌቶች ብዙ ናቸው፤ ውዳሴ ማርያምን ሳይሰናከል የሚደግም አባት ውሃ መጠየቅ ሊያቅተው ይችላል። ለዓመታት አንድ ላይ የተሸመደደ ንባብ ቃል በቃል ተመርጦ አይገነባም፤ የቀኙ አንጎልና ጥልቅ የሆኑት የአንጎል ክፍሎች ይዘውት ይወጣሉ። አዲስ ዓረፍተ ነገር ግን የግራውን ይፈልጋል። ስለዚህ መደገሙ የእንቢተኝነት ማስረጃ አይደለም።

ሌላው ሰዎች ሲያወሩ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እህ» የሚለው የአዎንታ ድምፅ ነው። ይህ ልማድ ሳይጎዳ ስለሚቀር በሽተኛው በየንግግሩ ማቆሚያ ላይ ያሰማዋል፤ ለሚያዋራው ሰው ሁሉን የተረዳ ይመስለዋል። «አዎ» እና «አይደለም» ደግሞ ይቀያየሩበታል። መረዳቱን ለመፈተን መልሱ የታወቀ ጥያቄ በሁለት መልኩ ይጠየቃል፦ «እንጀራ በምጣድ ይጋገራል?»፣ ቆየት ብሎ «እንጀራ በጀበና ይጋገራል?» ስንጠይቅ እጃችንና ዓይናችን እንዳይጠቁመው እንጠንቀቅ። አንቱ እና አንተ፣ እሱ እና እሷም ይምታቱበታል፤ አባት ምራቱን «አንተ» ቢላት፣ ልጅ እናቱን «አንቺ» ቢላት ንቀት አይደለም፤ የአንጎል ጉዳቱ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ቋንቋ የሚመለስበት መንገድ

በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት የሚታየው ፈጣን ለውጥ በአብዛኛው ጥገና ነው። ደም ያነሰው ክፍል ደም ያገኛል፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ የሚብሰው እብጠት ይቀንሳል። ከጉዳቱ ርቀው ያሉ፣ ነገር ግን ከተጎዳው ጋር ይገናኙ የነበሩ ክፍሎችም በድንጋጤ ዝም ካሉበት ይነቃሉ፤ ይህን ክስተት ኮንስታንቲን ፎን ሞናኮቭ እ.ኤ.አ. በ1914 ገልጾታል። ቤተሰቡ «ጸበሉ ነው»፣ «መርፌው ነው» የሚለው ለውጥ ብዙውን ጊዜ በዚህ ወቅት የሚመጣው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን መልሶ ማደራጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጀርመን ጥናት 14 በሽተኞችን ሦስት ጊዜ እያነሣ አንጎላቸውን ተከታትሏል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የግራው የቋንቋ ክፍል እንቅስቃሴ እጅግ አንሶ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ላይ በሁለቱም ወገን፣ በተለይም በቀኝ በኩል ባሉት አቻ ክፍሎች ጎልቶ ታየ፤ ዓመት ሊሞላ ሲል ሥራው ወደ ግራው ተመለሰ። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ የተሻለ ውጤት የሚገኘው የተረፈው የግራ ክፍል ሥራውን ሲረከብ ነው። ጉዳቱ ሰፊ ከሆነ ግን የቀኙ እርዳታ ያስፈልጋል፤ እሱ ብቻውን የሚሸከመው ቋንቋ ግን ጎዶሎ ይሆናል። ማን ምን ያህል እንደሚመለስለት በዋናነት የሚወስኑት መጀመሪያ ላይ የነበረው ክብደትና የጉዳቱ ስፋትና ቦታ ናቸው። ዕድሜ ያን ያህል አይደለም፤ «አርጅተዋልና አይሆንላቸውም» ብሎ መተው ትክክል አይደለም።

ፈጣኑ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ በሩ የተዘጋ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመ ሌላ የጀርመን ሙከራ 156 በሽተኞችን ይዞ ነበር፤ ሁሉም ስትሮኩ ከመታቸው 6 ወርና ከዚያ በላይ ያለፋቸው ናቸው። በሳምንት 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት የተለማመዱት በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ተሻሻሉ፤ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ግን አልተለወጡም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠቃለለ ትንተና ደግሞ ትልቁ ለውጥ የታየው በድምሩ ከ20 እስከ 50 ሰዓት በተለማመዱት ላይ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ወደ ቤታችን ብናመጣው በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ8 ሳምንት 40 ሰዓት ይሆናል። አንድ ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ልምምዱን ማጥበቅ ከመደበኛው የተሻለ ውጤት ስላልታየበት በሽተኛውን ማዳከም አያስፈልግም፤ አጭር ጊዜ ማጫወት ይበቃል።

ቋንቋን እንደሚመልስ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ለቫይታሚን ቢ መርፌ የሚወጣው ገንዘብ ለደም ግፊት መድኃኒት ቢውል ይሻላል።

ቤት ውስጥ የሚሠራው

አንድ ሰዓቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ከቀትር በኋላ ማድረግ ይመረጣል፤ የተጎዳ አንጎል ቶሎ ይደክማል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይዘጋ፣ መነጽር ካለው ይደረግለት። የግራ አንጎል ስትሮክ የቀኝ እይታን አብሮ ሊወስድ ስለሚችል አሠልጣኙ ፊት ለፊት ወይም ወደ ግራው ጠጋ ብሎ ይቀመጥ፤ ዕቃውም በዚያ በኩል ይቅረብ። አሠልጣኝ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሰው ይሁን።

ቃላቱ 20 ይሁኑ፤ ሁሉም ከሰውየው ኑሮ የተወሰዱ። አምስት የሰው ስም፣ አምስት የሚያስፈልገው ነገር፣ አምስት በእጁ የሚነካ ዕቃ፣ አምስት ግሥ። ገበሬ ከሆነ ማጭድ፣ ሞፈር፣ ጤፍ፣ በሬ፤ ነጋዴ ከሆነ ሚዛን፣ ሂሳብ፣ ደንበኛ። በተለይ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች በመስመር የተሣለ ሥዕል መለየት ስለሚቸግራቸው ዕቃው ራሱ ይቅረብ፤ ካልተገኘ የስልክ ፎቶ።

ቃሉ እንቢ ሲል ርዳታው ደረጃ አለው። ዕቃውን አሳይቶ በልብ እስከ 10 እየቆጠሩ ዝም ማለት፤ ይህ ለቤተሰብ ከሁሉ የሚከብደው ነው፣ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው አንጎል የሚፈልገው። ካልመጣ አገልግሎቱን መናገር፦ «ቡና የሚፈላበት።» ከዚያ በእጅ የመቅዳት ምልክት ማሳየት። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መተው፦ «ቡናውን ያፈላችው በ…»። ከዚያ የመጀመሪያውን ድምፅ መስጠት፦ «ጀ…»። ፊደል ለሚያውቅ ሰው «ጀ»ን መጻፍ ብዙ ይረዳል፤ የአማርኛ ፊደል አናባቢውንም ይዞ ስለሚመጣ አንዱ ፊደል ሙሉ የአፍ እንቅስቃሴ ይሰጠዋል። የመጨረሻው ቃሉን ሙሉ ተናግሮ ማስደገም ነው። አንዴ ከተናገረው በኋላ አንድ ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መጠየቅ ያጸናዋል።

ደብተር ያስፈልጋል። በየቃሉ ፊት ያለ ርዳታ ካለው +፣ በርዳታ ካለው /፣ ካልቻለ 0 ይጻፋል። ሦስት ቀን ተከታታይ + ያገኘ ቃል በሌላ ይተካል፤ በሳምንት አንድ ቀን ግን ይከለሳል። ያለ ደብተር ቤተሰቡ ለውጡን አያየውም፤ ለውጥ ያላየ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ይተዋል። ልምምድ ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች ዋናው ይኸው ነው።

ለግሥ ሌላ ዘዴ ይሻላል። «አረሰ» ይባልና ማን? ምን? የት? መቼ? ተብሎ ይጠየቃል፦ ገበሬው፣ ማሳውን፣ በቆላው፣ በሰኔ። ቀጥሎ ሌላ አራሽ፣ ሌላ የሚታረስ ይፈለጋል። አንድ ግሥ ብዙ ስሞችን አብሮ ስለሚጎትት ዓረፍተ ነገር የሚሠራው በዚህ ነው።

መረዳቱ ደህና ሆኖ መናገር ለተሳነው ሰው ዜማ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1973 የቀረበው ይህ ዘዴ መዝሙር ማዘመር ማለት አይደለም፤ የታወቀ መዝሙር እንደ ጸሎቱ ተሸምድዶ የሚወጣ ነው። እዚህ የሚዜመው የሚያስፈልገው ሐረግ ነው፦ «ውሃ ስጡኝ»፣ «ራሴን አመመኝ»። ሁለት የድምፅ ከፍታ ብቻ፤ አሠልጣኙ ግራ እጁን ይዞ በእያንዳንዱ ክፍለ ቃል ጠረጴዛ ያስመታዋል። መጀመሪያ በጉርምርምታ፣ ከዚያ አብሮ በቃል፣ ከዚያ አሠልጣኙ መሐል ላይ ዝም ብሎ በሽተኛው እንዲጨርስ፣ በመጨረሻም «ምን ልስጥዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ ዜማውን እያቀለለ እንዲመልስ ይደረጋል። የተረፈውን ቆጠራም መጠቀም ይቻላል። «ስንት ልጆች አሉዎት?» ሲባል ቁጥሩ ካልመጣ ከአንድ ጀምሮ ይቁጠርና ልክ ሲደርስ ይቁም፤ ቀንም እንዲሁ ከሰኞ ጀምሮ።

ንግግሩ ለሚፈስና መረዳት ለተሳነው ሰው ይህ ሁሉ ገና ነው። ብዙ እንዲናገር ማበረታታት አይጠቅመውም። እጅን በቀስታ አንሥቶ ማስቆም፣ ሁለት ዕቃ ፊቱ አስቀምጦ «ስኒውን ይስጡኝ» ማለት፤ ከአሥር ስምንቱን ሲያገኝ ዕቃውን ሦስት፣ ከዚያ አራት ማድረግ። አለመጮህ፤ ጆሮው አልደነቆረም።

ከልምምዱ ውጭ ያለው ቀን ደግሞ ጨዋታ ነው። ጠያቂ በርከት ብሎ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፣ በሽተኛውም ይጠፋበታል። በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም። ርዕስ ሲቀየር «አሁን ስለ ገበያው ነው» ብሎ መንገር። መልሱን ሌላ ሰው አይንጠቅበት፤ አሳቢ የሆነች ሚስት ለባሏ ሁሉንም ስትመልስለት እሱ የመናገር ዕድሉን ሁሉ ያጣል።

በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቻግኒና አካባቢው አውኛ በቤት፣ አማርኛ በገበያና በቢሮ የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ቋንቋዎች አብረው ይመለሳሉ፤ አንዳንዴ ግን አንዱ ይቀድማል፤ የትኛው እንደሚቀድም አስቀድሞ መናገር አይቻልም። ስለዚህ በአማርኛ ብቻ ፈትኖ «አይረዳም» ማለት ስሕተት ነው፤ በአውኛም ይጠየቅ። ልምምዱም ቤት ውስጥ በሚነገረው ይሁን። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ማቀያየር ደግሞ ጤነኛውም የሚያደርገው ነውና በጽሕፈት ልምምድ ላይ እርማት አይባክንበት።

የሚያደናቅፈው

ከስትሮክ ከተረፉት ሲሶ ያህሉ በድብርት ይያዛሉ፤ አፌዥያ ያለበት ሰው ደግሞ መከፋቱን መናገር አይችልም። ምግብ እንቢ ማለት፣ ፊትን ወደ ግድግዳ ማዞር፣ ሌሊት አለመተኛት፣ ቀድሞ ይሞክረው የነበረውን ልምምድ መተው ምልክቶቹ ናቸው፤ የሚታከም ነው። ትኩሳት፣ የሽንት ኢንፌክሽን ወይም እንቅልፍ ማጣት የተመለሰውን ቋንቋ ለጊዜው ሊያጠፋው ይችላል። በድንገት ከጠፋ ግን የሚጥል በሽታ ወይም ሁለተኛ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ለዚህ ነው የደም ግፊት መድኃኒት በጾም የማይቋረጠው፤ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ከመብያው ጋር ማስማማት ይቻላል። ወጣት ከሆነና የልብ ሕመም ካለበት የልብ ምርመራ የግድ ነው፤ በሩማቲክ የተጎዳ የልብ በር የረጋ ደም ወደ አንጎል ይልካል፤ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው ዋርፋሪን ከታዘዘለትም የደም ምርመራውን ቀጠሮ ማሳለፍ አደገኛ ነው።

አንድ ጉዳይ ብዙ ቤት ያበጣብጣል። አባት አፌዥያ በያዛቸው ወር የመሬት ኪራይ፣ ኑዛዜ ወይም ውክልና ይመጣና ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያስፈርሟቸዋል። መናገር ያልቻለ ሰው መወሰን አይችልም ማለት አይደለም፤ «እህ» ያለ ሁሉ ተስማምቷል ማለትም አይደለም። ጉዳዩ በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ በዕቃና በፎቶ እየተደገፈ ይነገራቸው፦ ይህ ማሳ፣ ይህ ልጅ፣ ይህን ያህል ዓመት። ከዚያ ጥያቄው በሁለት ተቃራኒ መልክ ይቅረብ፦ «ለታላቁ ይሁን?»፣ ቆይቶ «ለታናሹ ይሁን?» በማግስቱም በሌላ ሰው ፊት ይደገም። ሦስቱ መልሶች ከተስማሙ ፈቃዳቸው ታውቋል። ካልተስማሙና ጉዳዩ የሚቆይ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እስኪያልፉ ይቆይ፤ የማይቆይ ከሆነ ግን ሐኪም ሁኔታቸውን በጽሑፍ ሳይገልጽ ጣታቸው ቀለም አይንካ።